ለድኩላ አደን የትኛው ጠመንጃ፣ የትኛው ጥይት? ለጠያቂው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። አጎትህ ከሚኒሶታ መጥተው በሕጋዊ ፈቃድ የምኒልክ ድኩላ ሊያድኑ ነው፤ እዚያ አጋዘን የሚመቱበትን ቀለል ያለውን .243 ዊንቸስተር ጠመንጃ ይዘው ይምጡ ወይስ ከባዱን .300 ማግነም ይግዙ ብለህ ጠይቀሃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ጥይቱን ሻንጣ ከምናከብድበት ጅማ ከሰው እንገዛለን» የምትል አንድ መስመር ጣል አድርገሃል። የመለሱልህ ሰዎች ሁሉ በጠመንጃው ሲከራከሩ ያቺን መስመር ያየ የለም። እኔን ያስደነገጠችኝ እሷ ናት።

1. ጥይት ከጅማ አይገዛም። የአደን ጥይት በከተማችን ሱቅ ተደርድሮ አይሸጥም። በእጅ የሚዞረው የጦር ጥይት ነው፤ ያለ ፈቃድ መግዛቱም መሸጡም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያስጠይቃል። አጎትህ ዘመድ ሊጠይቁና ሊያድኑ መጥተው ፖሊስ ጣቢያ እንዳይውሉ። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና፣ ጥይቱ ራሱም አይሆንም። «7.62 ያው 7.62 ነው» የሚልህን ሰው አትስማ። ይህ ቁጥር የሚናገረው የአረሩን ውፍረት ብቻ ነው። የክላሹ 7.62 በ39 ነው፣ የመትረየሱ 7.62 በ54፣ .308 የሚባለው በሚሊ ሜትር 7.62 በ51፣ .30-06 ደግሞ 7.62 በ63። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ቁመት ነው። ያለ ልኩ የጎረሰ ጥይት ቢተኮስ ቀለሁ ይተረተራል፣ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ልኩ ቢገጥም እንኳ የጦር አረር ለአደን አልተሠራም። ጫፉ ድረስ በጠንካራ ልባስ የተሸፈነ ስለሆነ ሥጋ ውስጥ ሲገባ አይከፈትም፤ ብዙ ጊዜ እስክሪብቶ በምታህል ቀዳዳ ገብቶ በዚያችው መጠን ይወጣል። ድኩላው ይሮጣል፣ ደም መሬት ላይ አይንጠባጠብም፣ ጥቅጥቅ ያለው ደን ውስጥ ይገባና ጅብ ቀድሞ ያገኘዋል። የቆሰለ አውሬ በፈቃዱ ላይ እንደተገደለ ስለሚቆጠር ክፍያው ሄደ ማለት ነው። ከገንዘቡ በላይ ግን አውሬው ሲሰቃይ መሞቱ ነው የሚያሳዝነው። ሚኒሶታም ቢሆን ሕጉ ለአጋዘን የሚፈቅደው ሲመታ የሚከፈት አረር ብቻ ነው። ስለዚህ አጎትህ ይህን ያውቁታል፤ የጅማውን ሐሳብ የሰጣችሁ እዚህ ያለ ሰው ይመስለኛል።

2. ጠመንጃው። ወንድ ድኩላ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ቢመዝን ነው። ለዚህ ክብደት .243 በ100 ግሬን አረር፣ ማለትም በ6.5 ግራም፣ ይበቃል። ፈቃዳቸው ድኩላ ብቻ ከሆነና በዚያ ጠመንጃ ዓመታት ከተኮሱ ሌላ አይግዙ። የለመዱት ጠመንጃ ካልለመዱት ትልቅ ጠመንጃ ይበልጣል። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ደጋ አጋዘንም ካለ፣ ኒያላ የምንለው ማለቴ ነው፣ ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ስለሚደርስ .243 እቤት ይቅር። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጠመንጃ ምረጥ ብትለኝ ሳላመነታ .30-06 እላለሁ፦ ለድኩላ 165 ግሬን፣ ለኒያላ 180 ግሬን። ከ1906 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የማይሸጥበት የአደን ዕቃ ሱቅ አይገኝም።

.300 ማግነሙን የምቃወመው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ለሩቅ የተሠራ ነው፤ እኛ ደን ውስጥ ድኩላ የሚተኮሰው ከ40 እስከ 100 ሜትር ባለው ነው። በዚያ ቅርበት ፍጥነቱ ሳይበርድ ትከሻ አጥንት ሲመታ፣ ቶሎ የሚከፈት ቀጭን ልባስ ያለው አረር ከላይ ይበተንና ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይቀራል፤ ቆዳውም ሥጋውም ይበላሻል። ሌላው ምቱ ነው። ተኳሹ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከ.243 ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። በ.243 የለመደ ሰው ገና ምላጩን ሳይስብ ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል፣ አፈሙዙም ወደ ታች ይጎተታል። «ከባድ ጠመንጃ ቁጥቋጦ ይበሳል» የሚለውንም አትመን፤ ቅርንጫፍ የነካ አረር፣ የትኛውም ይሁን የት፣ አቅጣጫውን ይስታል። ክፍት ቦታ እስኪያገኙ መጠበቅ ነው።

3. አረሩ። ካርቶኑ ላይ ልባሱ ከእርሳሱ ጋር የተጣበቀ መሆኑ የተጻፈበትን ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራውን ይምረጡ። ፌዴራል ፊውዥን፣ ኖዝለር አኩቦንድ፣ ባርነስ ጥሩ ናቸው። የመዳቡን ከመረጡ ከእርሳሱ ትንሽ ቀለል ያለውን ይውሰዱ፤ ለ.30-06 የ150 ወይም የ165 ግሬኑ በቂ ነው፣ መዳብ ክብደቱን ሳይጥል ይዘልቃልና። ሦስት ካርቶን፣ 60 ጥይት ይግዙ። ሦስቱም ካርቶን ላይ የታተመው የምርት ቁጥር አንድ መሆን አለበት፤ ምርቱ ሲለያይ የሚመታበት ቦታም ይለያያል። አውሮፕላን ለአንድ ሰው የሚፈቅደው እስከ 5 ኪሎ ጥይት ነው፤ 60ው ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ ሻንጣ ይከብዳል የሚለው ምክንያት አይሠራም። በፋብሪካው ካርቶን እንዳለ፣ ተቆልፎ፣ ከጠመንጃው ተለይቶ ይጫን፤ ሲያስረክቡም ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ትዕግሥት የሚጠይቀው። ሚኒሶታ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ እዚህ ሲደርስ ተስተካክሎ ይቆያል ብለው አያስቡ። ከባሕር ጠለል ከፍታ መለወጡ 100 ሜትር ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አያመጣም፤ ችግሩ የሻንጣ ውርወራው ነው። ቴሌስኮፑን የያዙት ብሎኖች ላይ ገና ከአገራቸው ሳይነሱ በነጭ ቀለም ከብሎኑ ራስ እስከ ማሰሪያው ቀጭን መስመር ያስምሩ። ሲደርሱ መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ብሎኑ ይጥበቅ፣ ከዚያ ይተኮስ።

ካምፕ ሲደርሱ ያለ ተኩስ ሙከራ ወደ ደን አይግቡ። መጀመሪያ 25 ሜትር ላይ ትልቅ ካርቶን ተክለው፣ ጠመንጃውን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈው ይተኩሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በብዛት የሚሸጠው ቴሌስኮፕ ማስተካከያው ሲዞር ጠቅ ጠቅ ይላል፤ አንድ ጠቅታው 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ 25 ሜትር ላይ ግን ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ጥይቱ 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ ከሄደ፣ 100 ሜትር ላይ ስድስት ጠቅታ ወደ ቀኝ ይበቃል፤ 25 ሜትር ላይ ግን ወደ 23 ጠቅታ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ስድስት ጠቅታ አዙሮ «ቴሌስኮፑ ተበላሽቷል» እያለ ጥይት ይጨርሳል። 25 ሜትር ላይ መሐል ሲገባ ወደ 100 ሜትር ይሂዱ። እያንዳንዱን እርማት ከሦስት ጥይት በኋላ እንጂ ከአንድ በኋላ አያድርጉ። .30-06ን 100 ሜትር ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ማስተካከል ጥሩ ነው፤ እስከ 200 ሜትር ድረስ ሳያሰሉ መሐሉ ላይ ማለም ይችላሉ። የመጨረሻዋ ጥይት በርሜሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ትተኮስ፣ ምክንያቱም ድኩላው የሚመታው በቀዝቃዛ በርሜል ነው። በርሜሉ ውስጥ ዘይት ካለ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ በዘይት ውስጥ የሚያልፍ የመጀመሪያ ጥይት ቦታውን ይስታል። ዝናብ ካለ አፈሙዙን በኤሌክትሪክ ፕላስተር መሸፈን ይቻላል፣ ተኩሱን አይጎዳም።

ቴሌስኮፑ ከ2 እስከ 7 የሚያጎላ ቢሆን ይመረጣል። 24 ጊዜ የሚያጎላውን ይዞ የሚመጣ አለ፤ ደን ውስጥ 50 ሜትር ላይ የሚያሳየው ፀጉር ብቻ ነው፣ የአውሬው የትኛው ክፍል እንደሆነ አይለይም። የምኒልክ ድኩላ ሽማግሌው ወንድ ጥቁር ለማለት ምንም አይቀረው፤ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ጥላ ውስጥ ሲቆም የፊት እግሩ ከደረቱ ጋር ይቀላቀላል። መተኮስ ያለበት እግሩ በግልጽ ሲለይ ነው፦ ጎኑን ሲሰጥ፣ በፊት እግሩ መስመር ሽቅብ ወጥቶ ከደረቱ ቁመት አንድ ሦስተኛው ላይ። እዚያ ያለው የልብና የሳንባ ቦታ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ተደግፎ ብቻ ሳይሆን ቆሞ በሦስት እግር መደገፊያ መተኮስን ከአሁኑ እቤታቸው ይለማመዱ፣ ምክንያቱም እዚህ ሣሩም ቁጥቋጦውም ተኝቶ አያስተኩስም።

ከተተኮሰ በኋላ ወዲያው ሌላ ጥይት ይጉረስ፣ ከቦታቸው ግን አይነቃነቁ። መሬት ላይ ያለው ደም ሮዝ ሆኖ አረፋ ካለው ሳንባ ነው፤ ሩብ ሰዓት ጠብቆ መከተል ነው። ጠቆር ካለ ጉበት ነው። አረንጓዴና የሚሸት ነገር ከተቀላቀለበት አንጀት ነው፣ ለሰዓታት መተው አለበት፤ ቶሎ ከተከተሉት ይነሳና ይርቃል። የቆሰለ ድኩላ በመጠኑ አይናቅም፤ ተደብቆ ቆይቶ በቅርብ ርቀት በቀንዱ የሚወጋ አውሬ ነው። ዱካ ፈላጊው ቀድሞ ይሂድ፣ እሱ የሚለውን ይስሙ። በዱካ ጉዳይ የእኛን የደን አገር ልጆች የሚያህል የለም፣ ይህን በኩራት ነው የምናገረው።

ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ያነሳሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። የውጭ አዳኝ ጠመንጃ በጊዜያዊ ፈቃድ ነው የሚገባው፤ ጉዳዩን የሚያስጨርሰው አደኑን የሚያዘጋጀው አስጎብኚ ድርጅት ነው። በርሜሉ ላይ «30-06» ተብሎ የተቀረጸውን ወረቀት ላይ «7.62» ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ አለ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ሁለቱን ሲያስተያይ አይገጥምለትም፣ ጠመንጃው ይያዛል፤ ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ሰው ደግሞ ቀና ብሎ ሳያይህ «ነገ ና» ይልሃል። ነገ ቅዳሜ ከሆነ ወደ ሰኞ ይገፋል። በውድ የተከፈለባቸው የአደን ቀናት ኮሪደር ላይ ሲያልቁ ማየት ያንገበግባል። ስለዚህ አጎትህ በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ካሊበር፣ ማለትም የጥይቱን ልክ፣ እና የመለያ ቁጥሩን በቅርበት ፎቶ አንስተው ይላኩልህ። አንተም ፈቃዱ ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ከድርጅቱ ተቀብለህ ከፎቶው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያይ፤ በተለይ ዜሮንና «ኦ» የምትባለዋን የላቲን ፊደል፣ አንድንና «አይ»ን። የጥይቱ ብዛትም 60 ተብሎ ይጻፍ፤ 40 ተጽፎ 60 ይዘው ቢመጡ ትርፉ ይወረሳል።