አቮካዶዬ ቅጠሉ እየደረቀ ነው፣ ውሃ ልጨምርለት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። እኔ አያት አካባቢ ነው የምኖረው፣ ባለፈው ሐምሌ የተዳቀለ አቮካዶ ችግኝ ገዝቼ ግቢያችን ውስጥ ተክዬ ነበር፣ ክረምቱን በጣም አሪፍ ነበር፣ አሁን ጥር ላይ ግን የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ይሆንና ይረግፋል። ውሃ አንሶት ነው ብዬ ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ፣ ጭራሽ ባሰበት። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀው አይነት። ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ከግንዱ ስር አንድ ለምለም ቅርንጫፍ አውጥቷል። ዩሪያ ላድርግለት ወይስ ነቅዬ ልጣለው?

መልስ፦ እህቴ ዩሪያውንም አታድርጊ፣ አትንቀይውም፣ ውሃውን ግን ዛሬውኑ አቁሚ። እኔ እንደሚመስለኝ ችግኝሽ የተጠማ ሳይሆን እየሰመጠ ነው። አያት፣ ሰሚት፣ እዛ አካባቢ ያለው መረሬ አፈር ውሃ ቶሎ አያሳልፍም፣ እዛ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረሽ ጥሩ አፈር ሞልተሽ ስትተክዪ የሰራሽው ነገር መውጫ የሌለው ገንዳ ነው፣ የምታጠጪው ሁሉ እታች ይጠራቀማል። አቮካዶ ደሞ ስሩ ጥልቅ አይሄድም፣ አብዛኛው ከላይ ባለው ግማሽ ሜትር ውስጥ ነው ያለው፣ አየር ይፈልጋል፣ ውሃ ሲተኛበት ፋይቶፍቶራ የሚባለው ስር አበስባሽ በሽታ ይይዘዋል። ስሩ ከበሰበሰ በኋላ ውሃ መጠጣት ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል፣ ባለቤቱ ደሞ አዝኖ ጀሪካኑን ያነሳል። አቮካዶ እንደዚ ሲሞት ስንቴ እንዳየሁ!

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብለሽ በእጅሽ ቀስ አድርገሽ ጫር ጫር አድርጊውና ቀጫጭኖቹን ስሮች እያቸው፣ ነጣ ያሉና ጠንካራ ከሆኑ ጥሩ ነው፣ ጠቁረው ሲነኩ የሚሰበሩ ከሆነ በሽታው ገብቷል ማለት ነው። ለሳምንት ያህል ሳታጠጪው ቆይተሽም አፈሩ ከስር ጭቃ ከሆነ፣ ገና ትንሽ ስለሆነ ከነአፈሩ አንስተሽ ጉብታ ላይ ብታስቀምጪው ይሻላል። ቀይ አፈርና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅለሽ ከመሬቱ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ወደ ጎን ሰፋ ያለ ክምር ሰርተሽ እሱ ላይ ትከዪው፣ ጉድጓድ ውስጥ አይደለም። ፀሀይ ካዘቀዘቀ በኋላ አድርጊው። ከዛ ላዩን በደረቅ ሳር ጎዝጉዢለት፣ ሳሩ ግን ግንዱን እንዳይነካ፣ አንድ ስንዝር ይራቅ። ካገገመ በኋላ ደሞ ቀን እየቆጠርሽ ሳይሆን ጣትሽን አፈሩ ውስጥ እያስገባሽ፣ ደረቅ ሲሆን ብቻ ግማሽ ጀሪካን አጠጪው፣ በጋው ላይ በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ነው። የጥር የቀን ፀሀይም ቀላል አይደለም፣ በምዕራብ በኩል ጆንያ ከልዪለት።

አሁን ወደ ደስ ወዳለሽ ቅርንጫፍ እንምጣ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና እሱን ቁረጪው። የተዳቀለ ችግኝ ሁለት ዛፍ ነው፣ ከታች በፍሬ የበቀለ ስር፣ ከላይ ደሞ የምትፈልጊው ዝርያ። ግንዱ ላይ ጉብ ያለች ቦታ አለች፣ ሁለቱ የተገናኙበት፣ ከሷ በታች የሚወጣ ቅርንጫፍ ሁሉ ከዛ ከፍሬ ከበቀለው ነው፣ ቶሎ ስለሚያድግ ያምራል ግን የላይኛውን ጉልበት እየወሰደ ያደርቀዋል። በመጨረሻ የሚቀርሽ ምን አይነት ፍሬ እንደሚሰጥ የማይታወቅ፣ ስንት አመት የሚያስጠብቅ ዛፍ ይሆናል፣ የተዳቀለው ግን በደንብ ከተያዘ በሶስት አራት አመት ማፍራት ይጀምራል። ስትቆርጪው ከግንዱ ጋር አስተካክለሽ ይሁን። ጉብታዋ ላይ የታሰረ ፕላስቲክ እስካሁን ካለ ደሞ ፍቺው፣ ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋል፣ ብዙ ሰው ይሄን አያስተውልም።

ዩሪያን በተመለከተ፣ ስሩ ለታመመ ችግኝ ማዳበሪያ ማድረግ የቅጠሉን ጫፍ የበለጠ ማቃጠል ነው። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ጠብቂ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው የምጽፍላችሁ፣ የስድሳ ሰባት አመት አሮጊት ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ሁለት አመት የሆነው ማንጎ አለ፣ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ መጣበት፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል። የልጄ ልጅ ማላታዮን የሚባለውን የተባይ መርዝ ልንፋበት ይለኛል፣ ምን ትለኛለህ ልጄ?

መልስ፦ እናቴ፣ እንደነገሩኝ ከሆነ ይሄ የማንጎ ነጭ ቅርፊት ተባይ ነው፣ እዚህ አገር መጀመሪያ በ2002 ዓ.ም. ወለጋ ውስጥ ታይቶ ከዛ ወደ ሌላ ቦታ የተዛመተ ነው፣ በችግኝ፣ በቅጠልና በፍሬ ተሳፍሮ ይጓዛል። ነጩ ነገር ቅርፊቱ ነው፣ ተባዩ ከስሩ ተሸፍኖ ነው የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጠው፣ ስለዚህ መርዝ ቢረጭበትም በቀላሉ አይደርሰውም፣ ይልቅ የሚበሉትን ጥንዚዛዎች ነው የሚገድለው። የልጅ ልጅዎ እንዳይቸኩል ይንገሩልኝ።

ዛፉ ገና ትንሽ ስለሆነ እድለኛ ነዎት፣ በእጅ ይደረስበታል። በጣም የተጠቁትን ቅጠሎች አስቆርጠው ያስቃጥሏቸው፣ ጥለው አይተዉአቸው። ለቀሩት አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይትና ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በደንብ መትቶ፣ ወደ ማታ ላይ የቅጠሉን ላዩንም ስሩንም መርጨት ነው። መጀመሪያ ሁለት ሶስት ቅጠል ላይ ሞክረው ካላቃጠለ ይቀጥሉ፣ በሁለት ሳምንቱ ይድገሙት። በፀሀይ ግን እንዳይረጩ። መሀል ላይ የተጠላለፉ ቅርንጫፎች ካሉም ይቀነሱ፣ ተባዩ ጥላና መታፈን ይወዳል።

ጥያቄ፦ ግቢዬ ጠባብ ናት፣ አቮካዶ ከሴፕቲክ ታንኩ አጠገብ ብተክለው ችግር አለው? እዛ ጋር ሳሩ በጣም ለምለም ነው።

መልስ፦ ወንድሜ ሳሩ ለምን እንደለመለመ ራስህ ታውቃለህ፣ ታንኩ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ እሱን አስፈትሽ። አቮካዶ ትልቅ ዛፍ ነው፣ ከታንኩም ከቤቱም አምስት ስድስት ሜትር መራቅ አለበት። እሱን የሚያህል ቦታ ከሌለህ ሎሚ ትከል፣ የተዳቀለ ሎሚ ከስር በተበሳ ግማሽ በርሜል ውስጥ እንኳን ያፈራል።