ጡቡ አርጅቶ ነው አልኳቸው

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት አርክቴክት ጻፈችልኝ። "ጋሼ፣ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ የድሮ ጡብ ቤት ላድስ ነው። የትኛው ሲሚንቶ ይሻላል?" መልሱ አጭር ነው። እኔ ግን ሁለት ቀን ሳልመልስላት ቀረሁ።

የምታድሰው ቤት ፌልስ ፖይንት የሚባለው የወደብ ሰፈር ነው። ኤድዋርድ ፌል እ.ኤ.አ. በ1763 መሬቱን ሸንሽኖ የሸጠበት ቦታ ነው። በሰፋፊዎቹ መንገዶች ላይ ነጋዴዎችና የመርከብ አዛዦች ኖሩ። በመሀል በመሀል ባሉት ቀጫጭን መንገዶች ደግሞ መርከብ ሠሪዎች ጠበብ ጠበብ ባሉ ቤቶች ተደረደሩ። በልጅነቱ በባርነት እዚያ የኖረው፣ ኋላ ባርነትን በመታገል ስሙ የገነነው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1892 ተመልሶ አምስት ተርታ ቤቶች አሠርቷል። ዛሬም ቆመዋል። በ1960ዎቹ አውራ ጎዳና ሊያልፍበት ነበር። ነዋሪው ታግሎ አስቀረው።

ወደ እኔ ጉድ ልመለስ። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ሥራ የያዝኩት አንድ ትንሽ የአርክቴክቶች ቢሮ ውስጥ ነበር። እዚያው ፌልስ ፖይንት፣ ከቀጭኑ መንገድ ላይ የአንዲት ባልቴት ቤት ደረሰኝ። ስፋቱ አራት ሜትር አይሞላም። በጡቦቹ መሀል ያለው መያዣ ረግፏል። ሽማግሌው ግንበኛ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገውና "ይሄ ኖራ ነው፤ ኖራ መልስበት" አለኝ። ሳቅሁበት። ሲሚንቶ ብዬ ጻፍኩ። ጠንካራ አይደል?

የሚገርማችሁ እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። ኳስ የተጫወትኩት በኖራ የተገነባው የፋሲል ግንብ ጥግ ነው። ጣሊያን ግንቡን በሲሚንቶ ጠግኖት ነበር። ኋላ ባለሙያዎች እየፈነቀሉ በኖራ ተኩት። ይህን እያወቅሁ ነው ሲሚንቶ ብዬ የጻፍኩት።

የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ኖራ ሲሆን እርጥበቱ በመጋጠሚያው በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ መንገዱን ይዘጋዋል። ስለዚህ ውሃው ጡቡ ውስጥ ይቀራል፤ ክረምት ሲመጣ በረዶ ይሆንና የጡቡን ፊት ገፍቶ ይጥለዋል። ግድግዳው ደግሞ የጎረቤትም ነው። አንዱ ግድግዳ የሁለት ቤት ወለል ይሸከማል።

በአራተኛው ክረምት ባልቴቷ ደወሉ። ሄድኩ። ነጩ የእብነ በረድ ደረጃቸው ቀይ አቧራ ለብሷል። በየጠዋቱ ይጠርጉታል። የወደቁትን ቅርፊቶች በጫማ ሳጥን አስቀምጠዋል፤ መልሰን የምንለጥፋቸው መስሏቸው። "ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ። "ጡቡ አርጅቶ ነው" አልኳቸው። "እኔም አርጅቻለሁ፤ ግን አልተላጥኩም" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ያ ሳቅ ነው እስከዛሬ የሚቆጠቁጠኝ።

የአሁን ልጆች ድሮን አስነስታችሁ ቤቱን በግማሽ ቀን ትለካላችሁ። እጃችሁ ግን ግድግዳ አይነካም። ቅር አይበላችሁ። የእኔ እጅ ነክቶት ነበር፤ ምን ጠቀመ? ሽማግሌ የተናገረውን ሁሉ ተቀበሉም አልልም። በሌላ ቤት አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጣሪያው አያፈስም ብሎኝ ጉድ ሠርቶኛል።

ለልጅቷ ትናንት ማታ መለስኩላት። "የትኛውም አይሻልም። መጀመሪያ የመጋጠሚያውን ቁራጭ አስመርምሪ፤ ከዚያ የጎረቤቱን በር አንኳኪ" አልኳት። ስለ ባልቴቷ አልነገርኳትም ነበር። ይሄው አሁን አነበበች።