የአንጀት ባክቴሪያ ጂን እንዴት ይቀየራል?

ጥያቄ፦ የአንጀት ባክቴሪያ ለሚኖርበት ቦታ የሚስማማው ጂኑን አውቆ በመቀየር ነው?

መልስ፦ አይደለም። ለውጡ በአጋጣሚ ይመጣል፤ የሚመርጠው አንጀት ነው። ኢ. ኮላይ የተባለው የተለመደ የአንጀት ባክቴሪያ ሲከፋፈል ዘረመሉ ላይ ስህተት የሚፈጠረው በግምት ከ1,000 ክፍፍል በአንዱ ነው። ጥቂት ቢመስልም፣ ባክቴሪያዎቹ በቢሊዮን ስለሚቆጠሩ በየቀኑ እጅግ ብዙ ለውጥ ይፈጠራል፤ አብዛኛው ግን አይጠቅምም። ጂን ከጎረቤት ባክቴሪያ መቀበልም አለ፤ መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይ በዋናነት የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው።

ለቦታው የተስማማ ባክቴሪያ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ በሕፃናት አንጀት የሚኖረውን ቢፊዶባክቴሪየም ኢንፋንቲስን ጠጋ ብለን እንየው። የእናት ጡት ወተት ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችለው ስኳር አለው። ባክቴሪያው ይህን ስኳር የሚያስገቡና የሚቆራርጡ ጂኖችን 43,000 ያህል የቤዝ ጥንዶች (የዘረመል ‘ፊደላት’) ባሉት አንድ ስብስብ ይዟል። ስኳሩን ሳይቆርጥ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ለሌሎች ፍርፋሪ እምብዛም አይተርፍም። ሕፃኑ ጡት ሲተው ግን ስኳሩ ይቋረጣል፤ ያኔ ቦታውን የእህልና የአትክልት አሰር የሚፈጩ ባክቴሪያዎች ይይዙታል።