ኢንኮግኒቶ ከማን ነው የሚደብቀው?

ኢንኮግኒቶ (የብሮውዘርህን የግል መስኮት) ከፍተህ ስትፈልግ ጉግል ማን እንደሆንክ ያውቅ እንደሆነ ጠይቀሃል። አዎ፣ ሊያውቅ ይችላል።

ኢንኮግኒቶ የሚደብቅህ ያንኑ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከሚነካ ሰው ነው። መስኮቱን ስትዘጋ የፍለጋ ታሪኩና ኩኪዎቹ (ድረ ገጾች አንተን ለማስታወስ የሚያስቀምጧቸው ትናንሽ ፋይሎች) ከመሣሪያህ ላይ ይጠፋሉ። የጻፍከው ቃል ግን ከአይፒ አድራሻህ (ኢንተርኔት ላይ ከምትታወቅበት ቁጥር) ጋር ቀድሞ የጉግል ኮምፒውተር (ሰርቨር) ጋ ደርሷል። እዚያው ጂሜይልህን ከከፈትክማ አለቀ፣ በስምህ ገባህ ማለት ነው።

«ስሜ ከሌለበት ምን ችግር አለው?» ላልከው ደግሞ የአሜሪካውን የኢንተርኔት ኩባንያ የኤኦኤልን ነገር ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኩባንያው የ650,000 ያህል ተጠቃሚዎችን ፍለጋ ለምርምር ብሎ ይፋ አደረገ። ስማቸውን ሰርዞ በቁጥር ተክቶት ነበር። ጋዜጠኞች ግን ከፍለጋዎቹ ተነስተው የአንዲትን ሴት ማንነት ደረሱበት። ሰው የሰፈሩን፣ የዘመዱን፣ የሕመሙን ነገር ይፈልጋላ!

እኔ ብሆን ዳክዳክጎን ዋና መፈለጊያ አደርገዋለሁ። የፍለጋ ታሪክህን አላስቀምጥም ይላል፤ ማስታወቂያ የሚያመጣልህም በዚያች ሰዓት በጻፍከው ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው። ውጤቱ አንዳንዴ ከጉግል ያንሳል፣ አልዋሽህም። ጉግልን መተው ከከበደህ አካውንትህ ውስጥ ገብተህ የፍለጋ እንቅስቃሴ መመዝገቢያውን አጥፋው። ከ3 ወር በላይ የቆየው በራሱ እንዲሰረዝ ማድረግም ይቻላል።

ቪፒኤን (ግንኙነትህን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) አይፒህን ይሸፍናል። አካውንትህ ክፍት ከሆነ ግን ለዚህ ጉዳይ ብዙም አይጠቅምህም። ነፃ የሆኑትን ደግሞ ከመጫንህ በፊት ገንዘባቸውን ከየት እንደሚያገኙ ጠይቅ።