ስለ ሮቦት መጋዘን ጠይቁኝ፦ የአዳማ መጋዘን ሰዎች ጥያቄና መልስ

ሰብለ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ውጭ አገር የሮቦት መጋዘን ጥገና ላይ ሠርቻለሁ፣ አሁን አዳማ ነኝ። ዛሬ ማታ ጥያቄ እቀበላለሁ። የምናወራው መተላለፊያ ስለሌለው መጋዘን ነው። ሳጥኖች እርስ በርስ ተደራርበው፣ ክምሮቹም ጎን ለጎን ተጣብቀው ይቆማሉ። ከላያቸው የአሉሚኒየም ሃዲድ አለ። ሮቦቶቹ ሃዲዱ ላይ እየተንቀሳቀሱ የተፈለገውን ሳጥን ወደ ላይ ስበው ያወጡና ለሠራተኛው ያደርሱለታል። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ የዕቃ መለያ ቁጥራችሁ ካልተስተካከለ ሮቦት አይጠቅማችሁም። ይህን ደጋግሜ ስለምል ታገሡኝ።

የሞጆው፦ ዋጋው ስንት ነው?

ሰብለ፦ ስንት ሳጥን? በቀን ስንት ትዕዛዝ? ይህን ሳልሰማ ዋጋ አልናገርም።

የፋርማሲው ልጅ፦ እህት ሰብለ፣ እኛ መድኃኒት አከፋፋዮች ነን። ሳጥን በሳጥን ላይ ከተደረደረ ታች ያለው እንዴት ይወጣል? ማብቂያ ቀኑ የተቃረበ መድኃኒት ታች ተቀብሮ ቢቀርስ?

ሰብለ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሥራው ቁፋሮ ነው። የምትፈልገው ሳጥን ከላይ አምስተኛ ከሆነ፣ ሮቦቱ አራቱን አንድ በአንድ አንስቶ አጠገብ ባሉ ክምሮች አናት ላይ ያስቀምጣል። አምስተኛውን ያወጣል። ከዚያ አራቱን ወደ ቦታቸው ይመልሳል። የወጣው ሳጥን ሠራተኛው ጋ ደርሶ ሲመለስ ግን የሚቀመጠው አናት ላይ ነው።

ይህ ምን ያመጣል? በየቀኑ የሚወጣ ዕቃ ራሱ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ለወራት የማይነካው ወደ ታች ይወርዳል። በእጅ በምንሠራበት መጋዘን ፈጣኑን ዕቃ በር አጠገብ፣ ዘገምተኛውን ጓዳ ለማድረግ ስንት ቀን ነው የምንለፋው? እዚህ ማንም ሳይመድበው ይሆናል። እኔ በዚህ ሥርዓት የምወደው ይህንን ነው።

ቁፋሮ ጊዜ ይበላል። ሶፍትዌሩ የነገውን ትዕዛዝ ዛሬ ማታ ካወቀ ግን ሌሊቱን ቆፍሮ አዘጋጅቶ ያድራል። ስለዚህ ትዕዛዝ ቀድሞ የሚገባለት ድርጅት በደንብ ይጠቀማል። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ «አሁኑኑ ስጡኝ» የሚልበት ቤት ያን ያህል አይጠቀምም።

ማብቂያ ቀንን በተመለከተ፣ ሶፍትዌሩ የሚያወጣው ከላይ የተገኘውን ሳይሆን በመዝገቡ መሠረት ቀድሞ የሚያልፍበትን ነው። ልብ በሉ፣ በመዝገቡ መሠረት ነው ያልኩት። ዕቃው ሲገባ ባች ቁጥሩ (በአንድ ዙር የተመረተው መድኃኒት መለያ) እና ማብቂያ ቀኑ በትክክል ካልተመዘገበ፣ ወይም ሁለት ባች አንድ ሳጥን ውስጥ ከተደባለቀ፣ ሮቦቱ ስህተቱን በፍጥነት ያደርስላችኋል። ዛሬ ቢን ካርድ (መደርደሪያው ላይ ያለው የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ) ሲሳሳት ስቶር ኪፐሩ መደርደሪያው ፊት ቆሞ «ኧረ ይሄ አይደለም» ይላል። ክምር ውስጥ ግን ገብቶ የሚያይ ሰው የለም። መድኃኒት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። መለያችሁን አስተካክሉ።

ተማሪ ነኝ፦ ሳጥኖቹ «ስማርት» ናቸው ሲባል ሴንሰር አላቸው ማለት ነው?

ሰብለ፦ የለም። እኔ የሠራሁበት ሥርዓት ላይ ሳጥኑ ተራ ፕላስቲክ ነው፣ ወደ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር። የትኛው ሳጥን በየትኛው ክምር ስንተኛ እንደሆነ የሚያውቀው ሶፍትዌሩ ነው። ሐሳቡ የመጣው ኖርዌይ ውስጥ፣ ኔድሬ ቫትስ ከምትባል ትንሽ ቦታ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አከፋፋይ ቦታ ጠቦት መፍትሔ ሲፈልግ ዛሬ አውቶስቶር የሚባለው ይህ ሥርዓት ተወለደ። የመጋዘን አየር ላይ ገንዘብ ማባከን ይቅር የሚል ሐሳብ ነው። እኛም ፎርክሊፍት እንዲያልፍ ብለን የምንተወው ቦታ ስንት ነው?

ጉልቱ፦ ጤፍ በኩንታል ያስቀምጣል?

ሰብለ፦ አያስቀምጥም። አንድ ሳጥን የሚችለው 30 ኪሎ ነው። ለእህል የሚያዋጣው ፓሌትና ጥሩ አየር ነው።

ጉልቱ፦ ታዲያ ለአዳማ ምን ያደርጋል? እዚህ የሚራገፈው ኩንታልና ሲሚንቶ ነው።

ፍራንኮ ሰፈር፦ ምን ማለትህ ነው? ባቡሩ በአዳማ ያልፋል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ እዚሁ ነው፣ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ቅርብ ነው። መለዋወጫ፣ መድኃኒት፣ ሞባይል፣ ኮስሞቲክስ፣ ሁሉም በዚህ ነው የሚያልፈው።

የሞጆው፦ የሚያልፈው በሞጆ ነው። መጋዘኑም ሞጆ ነው መሆን ያለበት።

ፍራንኮ ሰፈር፦ ሞጆ ኮንቴይነር ይውረድ እንጂ ሰውና ገበያው አዳማ ነው።

ጉልቱ፦ ተለቅሞ የሚወጣ ዕቃ ሲኖር ነው እንጂ ኮንቴይነሩ እንደታሸገ አዲስ አበባ ከገባ ሁለታችሁም የላችሁበትም።

ሰብለ፦ ጉልቱ ትክክለኛውን ነገር ተናግሯል። ወሳኙ በቀን ስንት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ዕቃ እየተለቀመ ይወጣል የሚለው ነው። የአዳማና የሞጆን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩልኝ።

ኤሌክትሪሻኑ፦ መብራት ሲጠፋስ? አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የነፋስ ጣቢያዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት አላቸው፣ ግን ሰፈራችን ይጨልማል።

ሰብለ፦ የነፋስ ጣቢያው የሚያመነጨው ለዋናው መስመር ነው፣ የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር ሲቃጠል አይደርስላችሁም። ሮቦቶቹ የሚሠሩት በባትሪ ነው፣ ፍጆታቸውም ትንሽ ነው፣ አንዱ በአማካይ 100 ዋት ገደማ። መብራት ሲጠፋ የሚጎዳችሁ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተርና ሠራተኛው የሚለቅምበት ጣቢያ ነው። እነዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ያስፈልጋቸዋል፣ ከኋላ ደግሞ ጄኔሬተር። ለፎርክሊፍት ቻርጀር ከምታወጡት የከበደ ነገር አይደለም።

ኮንትራክተሩ፦ ያለንን አዳራሽ መጠቀም እንችላለን? ጣሪያው 7 ሜትር ነው።

ሰብለ፦ ስለ ጣሪያው ሳይሆን ስለ ወለሉ ንገረኝ። ከፍታው 33 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሳጥን እስከ 16 ይደረደራል። ሁሉም ከሞሉ የአንዱ ክምር ዕቃ ብቻ 480 ኪሎ ነው፣ የሚያርፈውም ከሜትር ካሬ ሲሶ ባነሰ ቦታ ላይ። ይህን በመቶዎች በሚቆጠሩ ክምሮች አባዛው። ወለሉ አንድ ጎን ትንሽ ከሰመጠ ከላይ ያለው ሃዲድ ይጣመማል። ሃዲዱ ከተጣመመ ሮቦት ይቆማል ወይም ሳጥን መሐል መንገድ ይቀረቀራል።

ወንድሜ፣ መረሬ አፈር ላይ የፈሰሰ ወለል ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ይህን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። በዚያ ላይ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣውን መንቀጥቀጥ እዚህ ሁላችንም ሰምተነዋል። ለመንቀጥቀጥ የተጠናከረ አወቃቀር አለ፣ ከመጀመሪያው ካልታዘዘ ግን በኋላ ልለጥፍ አይባልም። ስለዚህ ሻጭ ከመጥራትህ በፊት የአፈር ምርመራና የወለል ልኬት አሠራ። ያለዚያ የሚሸጥልህ ሰው ካጋጠመህ ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ።

ስሜ ይቆይ፦ እኔ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ይሄ ነገር ሲመጣ እነዚያ ልጆች የት ይሄዳሉ?

ተማሪ ነኝ፦ ቴክኖሎጂ ሥራ ይፈጥራል እንጂ አያጠፋም።

ስሜ ይቆይ፦ ለአንተ ይፈጥር ይሆናል። ኩንታል ለተሸከመው ነው የጠየቅኩት።

ሰብለ፦ ስሜ ይቆይ፣ ከኮንቴይነር ማራገፉ በሰው ይቀራል፣ ሮቦቱ ያንን አይነካም። የሚቀንሰው በመደርደሪያዎች መሐል እየተመላለሰ ዕቃ የሚለቅመው ሰው ነው። ባለቤቱ እነዚያን ሰዎች ለቅበላ፣ ለምዝገባና ለጥገና ካላሠለጠናቸው ሥራ ያጣሉ። ተማሪው፣ ይህ በራሱ አይመጣም፣ ባለቤቱ በጀት ሊይዝለት ይገባል።

አዲስ ገባሁ፦ ጥሩ ሮቦት የቱ ነው?

ሰብለ፦ ለምን ሥራ? ጥያቄው ሰፊ ነው። ከላይ ያለውን አንብብና ተመለስ።

ኤሌክትሪሻኑ፦ እሳትስ? የእንግሊዙን ሰምቻለሁ።

ሰብለ፦ ኦካዶ የሚባለው የምግብ ሸቀጥ ሻጭ የራሱ የሆነ ተመሳሳይ ሥርዓት አለው። በየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. አንዶቨር ያለው መጋዘኑ ተቃጠለ። የተነሣው ከሮቦት ባትሪ መሙያ ነው። በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤሪዝ ላይ ሦስት ሮቦቶች ተጋጭተው እሳት ተነሣ። ጥቅጥቅ ያለ ክምር ውስጥ የገባ እሳት በሰው እጅ አይደረስበትም። ጣሪያ ላይ ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሣ ውኃ የሚረጭ) ግዴታ ነው፣ ስፕሪንክለር ካለ ደግሞ ውኃ የያዘ ታንከርና ፓምፕ። የከተማው ውኃ ይመጣል ብላችሁ አትጀምሩ።

የሞጆው፦ ዋጋውን ግን አልነገርሽንም።

ሰብለ፦ ሁለት ጊዜ ጠየቅክ፣ ሁለት ጊዜም ስንት ሳጥንና ስንት ትዕዛዝ እንደሆነ አልነገርከኝም። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ነው የሚተመነው። ሃዲዱም ሮቦቱም መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ዛሬ በብር የምነግርህ ቁጥር ኮንትራት እስክትፈርም አይቆይም።

የመንግሥት መጋዘን፦ እኛ በሞዴል 19 ተቀብለን በሞዴል 22 ነው የምናወጣው። ለአንድ ዕቃ ሦስት ስም አለን፣ ቆጠራ ላይ ጉድለትና ትርፍ እኩል ይወጣል። ለሮቦት በጀት ብንጠይቅ?

ሰብለ፦ አሁን አትጠይቁ፣ እለምናችኋለሁ። ጉድለትና ትርፍ አብረው ሲወጡ ብዙ ጊዜ ዕቃው አልጠፋም፣ በሌላ ስም ተመዝግቧል። ለአንድ ዕቃ አንድ ቁጥር ስጡ። ለእያንዳንዱ መደርደሪያ አድራሻ ጻፉ። ባርኮድ ማንበቢያ ግዙ። በየሳምንቱ ጥቂት ዕቃ እየመረጣችሁ ቁጠሩ፣ የዓመቱን ቆጠራ አትጠብቁ። ይህን የሠራ መጋዘን ሮቦት ባይገዛም ዕቃ ፍለጋ አይባዝንም።

የፋርማሲው ልጅ፦ እህት ሰብለ፣ የእኛ መረጃ ኤክሴል ላይ አለ። ብልክልሽ ይመጥነናል አይመጥነንም ትይኛለሽ?

ሰብለ፦ እልሃለሁ። የሦስት ወር የወጣ ዕቃ ዝርዝር ላክ፣ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ይሁን፣ በወር አትደምረው። ቀን፣ የዕቃ ቁጥር፣ ብዛት፣ ባች፣ ማብቂያ ቀን። የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታና ክብደትም ጨምር። የደንበኛ ስምና የመግዣ ዋጋ አጥፋ፣ አያስፈልገኝም። ልኬት የሌላቸው ዕቃዎች ካሉ በሜትር ለኩ እንጂ በግምት አትሙሉ።