ባትሪ ከማስመጣትህ በፊት ጥርሱን ቁጠር

ወንድሜ፣ «በሬሞት የሚበረው ባለ450 መጠን ትንሽ ሄሊኮፕተሬ አዲስ አበባ ላይ ሦስት ደቂቃ ሳይበር ሞተሩ እጅ ያቃጥላል፣ ባትሪውም ያብጣል፤ ከአሜሪካ የተሻለ ባትሪ ላስመጣ ወይ?» ብለሃል። አታስመጣ! እኔ ያለሁት ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው፤ እዚህም ከፍታው ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ሕመምህን አውቀዋለሁ።

1. በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን የትንሹን ማርሽ ጥርስ ቁጠር። 13 ነው አይደል? ጥፋተኛው እሱ ነው። 3,500 ኬቪ ሞተር (በአንድ ቮልት በደቂቃ 3,500 ዙር ማለት ነው) በ11.1 ቮልት ያለ ጭነት በደቂቃ 38,850 ዙር ይሄዳል። ትልቁ ማርሽ 150 ጥርስ ካለው ክንፉ 3,360 ዙር ያህል ይደርሳል፤ ጭነቱ ፍጥነቱን 15 በመቶ ቀንሶ ወደ 2,860 ቢያወርደው እንኳ ለዚህ ሞተር ይበዛበታል። በ12 ጥርስ ግን በዚያው ጭነት ወደ 2,640 ይወርዳል። ባሕር ዳርቻ የሚኖሩት «11 ይበቃል» ይሉሃል፤ አትስማቸው። አዲስ አበባ ባለችበት በ2,400 ሜትር ገደማ አየሩ ከእነሱ አየር 20 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ክንፉ 12 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት።

2. «13ቱን እንዳለ ትቼ ትሮትሉን (ለሞተሩ የሚሰጠውን ኃይል) 60 በመቶ ላይ ላድርገው» እንዳትል። የፍጥነት መቆጣጠሪያው በከፊል ትሮትል ሲሠራ ይብስ ይግላል። ጥርሱን ቀንስና ትሮትሉን 85 በመቶ ላይ አቁመው።

3. ባትሪው ላይ የተጻፈውን «60ሲ» አትመን፤ የአቅሙን 60 እጥፍ አምፔር ይሰጣል ማለታቸው ነው። 2,200 ሚሊአምፔር ሰዓት በ60 ሲባዛ 132 አምፔር ነው፤ በዚያች ቀጭን ሽቦ በኩል? እዚህ ያለ አንድ ሱቅ እንዲህ ያለውን ባትሪ በውድ ዋጋ ሸጠልኝ። ቤት ወስጄ ከካርቶኑ እንዳወጣሁት የውስጥ መቋቋሙን በቻርጀሬ ለካሁ፦ ሁለቱ ሴሎች 5 ሚሊኦም፣ ሦስተኛው 16፤ ቁጥሩ ከሌሎቹ የበዛው ሴል ደካማ ነው። በማግስቱ ቻርጀሬን ተሸክሜ ሄድኩና ባንኮኒው ላይ ሰክቼ አሳየሁት። ሻጩ ቁጥሩን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ «አንተ ነህ ያቃጠልከው» አለኝ። የትናንት ደረሰኝ እኮ በእጄ ነው! አለቃው ከጓዳ ብቅ ብሎ «የተሸጠ ባትሪ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝና ተመልሶ ገባ። ደህና ዋል የለ፣ ይቅርታ የለ። ዛሬ በ12 ጥርስና በርካሽ 30ሲ ባትሪ ስድስት ደቂቃ አበራለሁ፤ ያው ሻጭ ሜዳ ላይ አግኝቶኝ «ጥርስህ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ምን ላድርግ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ባትሪው ካረፍክ በኋላ በሴል ከ3.7 ቮልት በታች እንዳይሆን ሰዓት ቆጣሪ ሙላ። ስታስቀምጠው 3.8 ላይ ይሁን፤ ሞልቶ ለሳምንታት የሚቀመጥ ሊፖ (ይኸው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ሳይበርም ሊያብጥ ይችላል። ያበጠውን ደግሞ ዳግም እንዳትሞላው፤ እሳት ነው።

ጥርሱ 12 ሆኖ ካገኘኸው ግን ማርሾቹ ተጣብቀው እንደሆነ እይ። በመካከላቸው ቀጭን ወረቀት አስገብተህ አዙር፤ ወረቀቱ ሳይቀደድ ተጨማዶ ከወጣ ክፍተቱ ደህና ነው፤ ከተበጣጠሰ የሞተሩን ብሎን ፈታ አድርገህ ትንሽ አርቀው።