የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ጉንዳኑ የማን ወዳጅ ነው?

ጥያቄ፦ የሎሚ ዛፌን ክሽክሽ ወረረው። መድኃኒት ስረጭ ለጥቂት ቀናት ጠፍቶ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ጉንዳኖች ግንዱ ላይ ይመላለሳሉ፤ ክሽክሹን ይበሉልኛል ብዬ አልነካኋቸውም። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ጉንዳኖቹ ለክሽክሹ ዘብ የቆሙ ናቸው። ክሽክሽ የተክሉን ጭማቂ መጥጦ የተረፈውን ስኳር በጣፋጭ ፈሳሽ መልክ ያስወግዳል። ጉንዳኖች ይህን ፈሳሽ ይልሳሉ፤ ክሽክሽ ሊበላ የሚመጣውንም ያባርራሉ።

መድኃኒቱ ያባባሰው በመራቢያ ፍጥነት ልዩነት ምክንያት ነው። እንስት ክሽክሽ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ በሞቃት ወቅት ልጇም በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ገደማ ራሷ ትወልዳለች። ክሽክሽ በል የሆነችው ነጠብጣብ ጥንዚዛ ግን ከእንቁላል ተነሥታ ለአካለ መጠን እስክትደርስ ሳምንታት ይፈጅባታል። ሁሉንም ነፍሳት የሚፈጅ መድኃኒት ሲረጭ ሁለቱም ያልቃሉ፤ ቀድሞ የሚያገግመው ክሽክሹ ነው፣ ያውም ጠላቱ በሌለበት።

በመጀመሪያ ጉንዳኑን ከዛፉ ያግዱ። ግንዱን በጨርቅ ወይም በወፍራም ወረቀት ጠምጥመው በላዩ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ይቀቡ፤ ቅርፊቱን በቀጥታ መቀባት ዛፉን ሊጎዳ ይችላል። ግድግዳ ወይም ሌላ ተክል የሚነካ ቅርንጫፍ ሁሉ ይቆረጥ፤ አንድ መሻገሪያ ከቀረ ጉንዳኑ በዚያው ይወጣል። ቀጥሎ ክሽክሹን በውሃ ግፊት አጥበው ያራግፉ። ካልበቃ በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ መጀመሪያ በጥቂት ቅጠሎች ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። ቅጠሉ ካልተቃጠለ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ የቅጠሎቹን የታችኛ ገጽ በደንብ ያርሱ። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ከደረቀ በኋላ የሚመጣውን ጥንዚዛ አይጎዳም።

ከመርጨትዎ በፊት ግን ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ረዘም ያለ፣ ክንፍ አልባ ጥቁር ትል ካገኙ የጥንዚዛዋ እጭ ነው። ብዙ ሰው ተባይ መስሎት ይጨፈልቀዋል፤ ያሳዝናል። ያበጠና ቡናማ ሆኖ የደረቀ ክሽክሽ ደግሞ ውስጡ ጥቃቅን ተርብ እያደገች ነው። እነዚህ በርከት ካሉ መርጨቱን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ባቄላዬን ስነቅል ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች አየሁ። በሽታ ነው? ዩሪያስ ልጨምርበት?

መልስ፦ በጥፍርዎ ሲገፉት በቀላሉ ከሥሩ ጎን የሚላቀቅ ከሆነ የባክቴሪያ ቤት ነው። ሥሩ ራሱ ካበጠና እባጩ የማይላቀቅ ከሆነ ግን ኔማቶድ የተባለው ጥቃቅን ትል ሊሆን ይችላል።

እባጩን ለሁለት ይክፈሉት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ እየቀየሩ ነው፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይሰጣቸዋል። ቅላቱ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ንጥረ ነገር የመጣ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ኦክስጅንን በልክ ያደርሳል፤ ኦክስጅን ከበዛ ሥራውን የሚያከናውነው ኤንዛይም ይበላሻል። ነጭ ከሆነ ገና ያልጀመረ ወይም የማይሠራ፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ጊዜው ያለፈበት ነው። የሚመረመረው አበባ ሲጀምር ነው፤ ከጎተቱት እባጩ አፈር ውስጥ ስለሚቀር በአካፋ ቆፍረው ያውጡትና በውሃ ይንከሩት።

ውስጡ ቀይ ከሆነ ዩሪያ አይጨምሩ። ናይትሮጅን ያለ ድካም ያገኘ ተክል ባክቴሪያዎቹን መቀለቡን ይቀንሳል። እባጭ ጨርሶ ከሌለ አፈሩ አሲዳማ ወይም ውሃ የሚተኛበት መሆኑን፣ ፎስፈረስ ማነሱንም ይፈትሹ። ከዘር ጋር የሚቀላቀለውን ባክቴሪያ የያዘ ሕያው ማዳበሪያ የሚጠቀሙ ከሆነም የባቄላው ባክቴሪያ ለአተርና ለምስር ይሆናል፤ ሽምብራና አኩሪ አተር ግን የየራሳቸውን ይፈልጋሉ። ዘሩን ጥላ ሥር ቀላቅለው በዚያው ቀን ይዝሩ፤ ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ የዝርያዎችን ግንኙነት «ሁለቱም ተጠቃሚ»፣ «አንዱ ተጎጂ» እያልኩ በሰንጠረዥ አስተምራለሁ። ሰንጠረዡ ሁልጊዜ ይሠራል?

መልስ፦ መምህርት፣ ለመነሻ ይጠቅማል፤ ግንኙነቱን የዝርያዎቹ የማይለወጥ ጠባይ አድርገው እንዳይረዱት ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በኬንያ ላይኪፒያ የተጠናው ግራር ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ይህ ግራር እሾሁ ሥር ባበጠው ክፍተት ጉንዳኖችን ያስጠልላል፣ የአበባ ማር የመሰለ ፈሳሽ ይቀልባቸዋል፤ እነሱም ቅጠል በሊታውን ይነክሳሉ። ተመራማሪዎች ቀጭኔና ዝሆንን የመሳሰሉ ትልልቅ እንስሳት እንዳይገቡ ለ10 ዓመት ያህል አጠሩ። ዛፉ የተሻለ ያድጋል ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ግን ተቃራኒውን አሳየ። የሚበላው ሲጠፋ ዛፉ መጠለያውንና ፈሳሹን ቀነሰ፤ ታማኙ ዘበኛ ተዳከመ፤ ቦታውንም ዛፍ የሚቦረቡሩ ጥንዚዛዎች በሠሩት ቀዳዳ የሚኖር ሌላ የጉንዳን ዝርያ ወሰደ። ዛፎቹ እድገታቸው ዘገየ፣ የሞታቸውም መጠን በእጥፍ ጨመረ።

በዚያው አካባቢ በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ሰንሰለቱን እስከ አንበሳ ያደርሰዋል። ከውጭ የገባ ባለ ትልቅ ራስ ጉንዳን ነባሮቹን ዘበኞች ገደለ፤ ዝሆኖች መከላከያ ያጣውን ግራር ሰባበሩ፤ ሜዳው ተገለጠ፤ አንበሳም አድብቶ የሜዳ አህያ መያዝ አዳገተው። ከአንበሶቹ ግዳይ የሜዳ አህያ ድርሻ በ2003 እ.ኤ.አ. 67 በመቶ የነበረው በ2020 እ.ኤ.አ. ወደ 42 በመቶ ወረደ። የአንበሶቹ ቁጥር ግን አልቀነሰም፤ ወደ ጎሽ አደን ዞረዋልና። ተማሪዎችዎ ከሰንጠረዡ ጎን «ምን ቢለወጥ ይህ ግንኙነት ይለወጣል?» የሚል ዓምድ ቢጨምሩ ብዙ ያተርፋሉ።

ጥያቄ፦ ዛፌ ላይ የበቀለውን ተቀጽላ ሁሉ ልመንጥር?

መልስ፦ ሁሉንም አይደለም። ቅርፊት ላይ ብቻ የተቀመጡ የዛፍ ሽበትና ፈርን የዛፉን ጭማቂ አይመጥጡም። ሥሩን እንጨቱ ውስጥ የሰደደው ጥገኛ ግን ይመጥጣል፤ እሱን ብቻ ቢቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል። ከተጣበቀበት ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ግንዱ ገባ ብለው ቅርንጫፉን ከነተቀጽላው ይቁረጡ፤ ፍሬውን ወፎች በልተው ወደ ሌላ ዛፍ እንዳያደርሱት ሳይበስል ቢሆን ይመረጣል። ዛፉ ጤነኛ ከሆነና ተቀጽላው አንድ ሁለት ብቻ ከሆነ ግን ይተዉት፤ አበባውና ፍሬው የብዙ ወፎች ቀለብ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ተቀጽላው ሙሉ በሙሉ ከተነቀለባቸው ደኖች፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ከወፍ ዝርያዎቹ አንድ አምስተኛ ያህሉ ጠፍተዋል።